መጦሪያ ቤት ውስጥ በሽታ ሲገባ፦ ከአንዱ አልጋ ወደ ሌላው እንዳያልፍ ምን እናድርግ

ሰኞ ጠዋት 12 ሰዓት። የሌሊት ተረኛዋ ነጠላዋን እያስተካከለች፣ አንድ እግሯ ከበሩ ወጥቶ፣ «እማማ ሌሊቱን ሲያስመልሳቸው ነው ያደረው፤ ማዶ ያሉት አባባም ሆዳቸው ተበጥብጧል፤ የትናንቱ ወጥ ይሆናል» ትላችሁና ታክሲ ልትይዝ ትሮጣለች። ነገሩ የሚወሰነው እዚች ጋ ነው። «አዎ፣ ወጡ ነው» ብላችሁ ካለፋችሁ ሐሙስ ላይ ግማሹ ቤት ተኝቶ ታገኙታላችሁ። ከልምድ ነው የምናገረው። እኔም አንድ ሰኞ ወጡን አምቼ አልፌ ነበር፤ ሐሙስ ላይ 11 ሰው ተኛብን። ወጡ ምንም አልነበረበትም።

የምሠራው ከለገጣፎ ወደ ሰንዳፋ በሚወስደው መስመር፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብላ ባለች አነስተኛ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው። አምስት ክፍል፣ 34 አልጋ፣ በፈረቃ የሚሠሩ 9 አስታማሚዎች፣ አንድ ነርስ። ሐኪም የለንም። የምጽፈውም እንደኛ ላሉ ቤቶች ነው፤ መመሪያ ላይ «ታማሚውን ለብቻው ክፍል አስገቡ» የሚለውን ሲያነቡ «የትኛው ክፍል?» ብለው ለሚስቁት።

አንድ ነገር መጀመሪያ እንስማማ። በሽታውን ከአልጋ አልጋ የሚያዞሩት ሽማግሌዎቹ አይደሉም። ብዙዎቹ ያለ ረዳት ከአልጋ አይወርዱም እኮ። የሚያዞረው የኛ እጅ ነው፣ የኛ ሽርጥ፣ የኛ ሳፋ። ይሄ ሲዋጥላችሁ የቀረው ሁሉ ይቀላል።

ሁለት ሰው ካመመ ወረርሽኝ ነው በሉት

በአንድ ቤት ውስጥ በሦስት ቀን ጊዜ ሁለት ሰው አንድ ዓይነት ሕመም ካሳየ፣ የላብራቶሪ ውጤት ሳትጠብቁ እንደ ወረርሽኝ ቁጠሩት። ከተሳሳታችሁ የምታጡት ትንሽ ሳሙናና በረኪና ነው። ተቅማጡ የሩዝ ውሃ የመሰለና የማያቋርጥ ከሆነ ግን ሁለተኛ ሰው አትጠብቁ፤ ለኮሌራ አንድ ሰው ይበቃል። በ2008 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ «አተት» ሲባል የነበረውን ጊዜ የሚያስታውስ ሰው ይሄን ማስረዳት አያስፈልገውም።

የሚያስቸግረው አረጋዊ ሰው እንደ ወጣት አለመታመሙ ነው። ትኩሳት ላያሳይ ይችላል። የሰውነቱ ሙቀት ከመጀመሪያውም ዝቅ ያለ ስለሆነ ቴርሞሜትሩ 37.4 ሲል «ደህና ናቸው» ብለን እናልፋለን፤ የወትሮ ሙቀታቸው 36.2 ከሆነ ግን ከአንድ ዲግሪ በላይ ጨምሯል ማለት ነው። በአፍ ተለክቶ ከ37.8 በላይ ከሆነ አትከራከሩ። ስለዚህ ማንም ሳይታመም የእያንዳንዱን ሰው የወትሮ ሙቀት ለካችሁ መዝግቡ፤ አንድ ጠዋት ይበቃል። ከሙቀት በፊት የሚመጣው ምልክት ደግሞ ሌላ ነው፦ ሁሌ ጨዋታ የሚያበዙት አባባ ዝም ሲሉ፣ እማማ ቡና ሲቀርብላቸው ፊታቸውን ሲያዞሩ፣ ትናንት በደንብ የሚያውቋችሁ ሰው ዛሬ «ማነሽ አንቺ?» ሲሉ፣ ያለ ምክንያት ወድቀው ሲገኙ። ይህን የሚያየው ነርሷ አይደለችም፤ የምታጎርሳቸው ልጅ ናት። ያቺ ልጅ «ዛሬ እሳቸው አይደሉም» ስትል የሚሰማት ሰው ይኑር።

ከዚያ ደብተር አውጡ። ኮምፒውተር አያስፈልግም። ስም፣ ክፍልና አልጋ፣ ሕመሙ የጀመረበት ቀንና ሰዓት፣ ምን እንዳሳመማቸው፣ ምን እንደበሉ፣ ማን እንዳጠባቸው፣ መጨረሻው ምን እንደሆነ። ከጎኑ የቤቱን ንድፍ በእጅ ሣሉና የታመመበትን አልጋ በቀይ ክበቡ።

«ማን አጠባቸው» የሚለውን አምድ አትዝለሉት። ያኔ 11 ሰው ሲተኛብን ንድፉን ሳየው ምንም አልገባኝም ነበር፤ አንድ ክፍል ሁለተኛ አልጋ፣ ሦስት ክፍል አንደኛ አልጋ፣ አምስት ክፍል መስኮት ሥር፣ ዝም ብሎ የተበተነ። ምግብ እንዳልል ከአንድ ድስት የበሉት ጎረቤቶቻቸው ደህና ናቸው። የእጥበት ተራውን ከጎኑ ስናስቀምጠው ግን መስመር ሆኖ ወጣ። ከ11ዱ 9ኙ በአንዲት ልጅ፣ በአንድ ሰማያዊ ሳፋ፣ በተከታታይ የታጠቡ ናቸው። ልጅቷ አልሰነፈችም። ጓንት አልቆ ስለነበር በአንድ ጥንድ ነው የዋለችው፤ ጓንቱን እያጠበች። ጓንት እየታጠበ አይሠራበትም፤ ለአንድ ሰው አንድ ጥንድ ነው፣ ከዚያ ይጣላል፣ እጅም ይታጠባል። ከሌለ ባዶ እጅ በሳሙና ሰው በሰው እየታጠበ ቢሠራ ቀኑን ሙሉ ከዋለ ጓንት ይሻላል። ጓንት ያረገ ሰው እጁ ንጹሕ ይመስለዋል፤ ችግሩ እሱ ነው።

ክፍል ሳይኖር መለየት

ለየብቻ ክፍል ከሌለ የታመሙትን አንድ ላይ አድርጉ። ተመሳሳይ ሕመም ያለባቸው አንድ ክፍል፤ ተቅማጥና ሳል ግን አይቀላቀሉ። ብዙ ቤት የሚሳሳተው ቀጥሎ ባለው ነው፦ እማማ ሲታመሙ አብረዋቸው የሚተኙትን «እንዳይዛቸው» ብለን ወደ ጤነኞቹ ክፍል እናዛውራቸዋለን። እነሱ እኮ ምናልባት ይዟቸዋል፣ ገና አልወጣም እንጂ። የኖሮቫይረስ (ከሰው ሰው በፍጥነት የሚተላለፍ የሆድ ተዋሲ ነው) ትውከትና ተቅማጥ ከተያዙ በኋላ ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 48 ሰዓት ቆይቶ ነው የሚታየው። ጉንፋን ደግሞ ከአንድ እስከ አራት ቀን። አዛወርናቸው ማለት በሽታውን ተሸክመን አዲስ ክፍል አደረስነው ማለት ነው። የክፍል ጓደኞች ባሉበት ይቆዩ፣ በዓይን ይጠበቁ።

አልጋ ለአልጋ ቢያንስ አንድ ሜትር ይራራቅ። ቦታ ከጠበበ አንዱ ራስጌውን፣ ቀጣዩ ግርጌውን ወደ አንድ በኩል አድርጎ ይተኛ። መካከሉ ላይ የሚታጠብ ላስቲክ ወጥሩ። ለታመሙት አንድ መጸዳጃ ለይታችሁ በሩ ላይ ቀይ ጨርቅ እሰሩበት፤ ጽሑፍ ለማያነብም ያገለግላል። ፖፖ፣ ሳፋ፣ ፎጣ፣ ኩባያ ለየራስ ይሁን፤ ስማቸውን በፕላስተር ለጥፉበት።

ሠራተኛም ይለያል። የታመሙትን የምትይዝ ጤነኞቹ ጋ አትገባም፣ ወጥ ቤትም አትገባም። ሌሊት አንድ ሰው ብቻ ከሆነችስ? ቅደም ተከተል ነው እንግዲህ፦ ሁልጊዜ ከጤነኞቹ ትጀምር፣ በታመሙት ትጨርስ፣ ሽርጧን እዚያው አውልቃ ትውጣ። ወደ ኋላ መመለስ ግድ ከሆነባት እጇን ታጥባ፣ ሽርጥ ቀይራ። ምንም ወጪ የሌለው ነገር ነው፤ እኛ ቤት ግን ለማስለመድ ሁለት ወር ፈጀ።

ውሃ፣ ሳሙና፣ በረኪና

ለአዲስ አበባ ውሃ ከሚሰጡት ግድቦች አንዱ የሆነው የለገዳዲ ግድብ ከኛ ቅርብ ነው፤ እኛ ጋ ግን ቧንቧው በሳምንት ሁለት ቀን ቢመጣ ነው። ቀልዱን ለናንተ ትቻለሁ። ዋናው ነገር ወረርሽኝ ውሃ ይበላል፤ እጥበቱ፣ ወለሉ፣ አንሶላው። ሮቶው ከግማሽ ሲወርድ ቦቴ ጥሩ፣ እስኪያልቅ አትጠብቁ። የቦቴ ውሃ ለመጠጥ ከሆነ ይፈላ ወይም ውሃ አጋር ይጨመርበት፤ መጠኑን ከጠርሙሱ ላይ አንብቡና 30 ደቂቃ ጠብቁ። በየክፍሉ በር ደግሞ ቧንቧ ያለው ጀሪካን፣ ሳሙና በክር አስራችሁ፣ ከሥሩ ባልዲ። እጅ መታጠቢያው ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ከሆነ ማንም በሰው በሰው አይመላለስም፤ እኔም አልመላለስም።

ሳኒታይዘርስ? ለጉንፋንና ለኮሮና አልኮሉ 60 በመቶና ከዚያ በላይ ከሆነ ጥሩ ነው። ለኖሮቫይረስ ግን በደንብ አይሠራም፣ እከክንም አይገድልም። ተቅማጥ ሲገባ በሳሙናና በሚወርድ ውሃ፣ ቢያንስ 20 ሰከንድ፣ ጥፍር ሥርና አውራ ጣት ሳይረሳ። አባታችን ሆይን እስከ ግማሽ ብላችሁ ገምቱት። ቀለበትና አምባር በሥራ ሰዓት ይውለቅ።

በረኪና ላይ ረጋ ብለን እንሂድ፣ ምክንያቱም ግማሹ ቤት አጥብቆት ሳንባ ያቃጥላል፣ ግማሹ አቅጥኖት ውሃ ብቻ ያፈሳል። መጀመሪያ ጠርሙሱ ላይ ስንት በመቶ እንደሚል እዩ። 5 በመቶ ከሆነ፣ ለትውከት፣ ለሰገራ፣ ለመጸዳጃ ቤትና ለፖፖ አንድ እጅ በረኪና ለዘጠኝ እጅ ውሃ ነው፤ በአንድ ሃይላንድ ለኩ፣ አንድ ሃይላንድ በረኪና፣ ዘጠኝ ሃይላንድ ውሃ። ይሄ 0.5 በመቶ ይሆናል። ታጥቦ ለሚዘፈዘፍ ጨርቅ ደግሞ አንድ ለ99 ነው፤ በ20 ሊትር ጀሪካን ሲታሰብ 200 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ 30 ደቂቃ ይዘፈዘፍ። በየቀኑ አዲስ በጥብጡ፣ የትናንቱን ድፉት፣ ፀሐይ ላይ አታስቀምጡት፤ ኃይሉ ይሄዳል። መለያ የሌለው፣ ተቀድቶ የሚሸጥ በረኪና አትግዙ፣ ስንት በመቶ እንደሆነ ሻጩም አያውቀውም። የበጠበጣችሁበት ሃይላንድ ላይ ጻፉበት። ጥማት የያዘው፣ ዓይኑ የደከመ ሽማግሌ ውሃ መስሎት ሊያነሳው ይችላል።

በረኪና በቆሻሻ ላይ አይሠራም። መጀመሪያ በኦሞ ወይም በላርጎ እጠቡ፣ ከዚያ በረኪናውን አድርጋችሁ 10 ደቂቃ ተዉት፣ ከዚያ በውሃ ጥረጉት። ትውከት ወለል ላይ ሲፈስ ወዲያው መወልወያ አትያዙ፣ በባልዲ ውሃም አትድፉበት፤ ሲረጭ ወደ አየር ይነሳል። አሮጌ ጨርቅ ጣሉበት፣ ጠንካራውን፣ ማለት አንድ ለዘጠኝ የተበጠበጠውን በረኪና አፍስሱበት፣ 10 ደቂቃ ጠብቃችሁ በጓንትና በማስክ ሰብስባችሁ በድርብ ፌስታል እሰሩ። የበር እጀታ፣ የአልጋ ብረት፣ የማብሪያ ማጥፊያ፣ የዊልቸር እጀታ፣ የቴሌቪዥን ሪሞት፤ እነዚህ በቀን ሁለቴ። ሪሞቱን ማንም አያስታውሰውም፤ እሱን የማይነካ ግን የለም።

በረኪናን ከመጸዳጃ ቤት አሲድ ጋር በጭራሽ አትቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ ሰው ይጥላል። ሰው ላይም አይረጭም። በኮሮና ጊዜ በር ላይ ቆመን ሰው ስንረጭ የነበረው አንድም ጥቅም አልነበረውም፤ ዓይንና ቆዳ ማቃጠል ብቻ።

የቆሸሸ አንሶላ አይራገፍም፣ ደረት ላይ ታቅፎም አይኬድም። አልጋው አጠገብ ማዳበሪያ ይዛችሁ ሂዱ፣ ጠቅልላችሁ እዚያው ክተቱ። በሙቅ ውሃና በሳሙና ታጥቦ ፀሐይ ላይ።

ውሃ አጠጧቸው

ተቅማጥና ትውከት ያለበትን አረጋዊ አብዛኛውን ጊዜ የሚገድለው ተዋሲው ሳይሆን ድርቀቱ ነው። ሽማግሌ ሰው ውሃ ጥም ብዙም አይሰማውም፣ አይጠይቅም፤ ላለማስቸገርም ብሎ እያወቀ የማይጠጣ አለ፤ «አንቺን ሽንት ቤት ላመላልስ እንዴ ልጄ» ይላሉ። ስለዚህ ሳይጠይቁ ይሰጣቸው። ሕይወት አድን ንጥረ ነገር፣ ኦአርኤሱ፣ አንዱ ፓኬት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ነው፤ የፓኬቱን መጠን አይታችሁ። በግማሽ ሊትር ሃይላንድ ላይ ሙሉውን የሚበጠብጥ ሰው ደጋግሜ አይቻለሁ፤ ጨው ይበዛበታል፣ ይጎዳል። ከጠፋ በአንድ ሊትር ውሃ ስድስት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። 24 ሰዓት ካለፈው ይደፋ። የሚያስመልሳቸው ከሆነ 10 ደቂቃ ቆይታችሁ በማንኪያ በማንኪያ ቀጥሉ። «ውሃ ሲጠጡ ነው የሚብስባቸው» የሚል ሰው አይጠፋም፤ አትስሙት። አጥሚትም ሾርባም ይሰጥ፣ ግን የኦአርኤሱን ቦታ አይተኩም።

ልብ ወይም ኩላሊት ያለባቸውን፣ የሚያሸና የደም ግፊት ኪኒን የሚወስዱትን በተመለከተ ጤና ጣቢያ ደውላችሁ ጠይቁ፤ ኪኒኑ ለጥቂት ቀን ይቁም አይቁም የሚለው የነርሷም የናንተም ውሳኔ አይደለም። ከፋርማሲ ተቅማጥ ማቆሚያና አንቲባዮቲክ በግምት ገዝታችሁ አትስጡ። ሽንት ለስድስት ሰዓት ከቀረ፣ ምላስ ከደረቀ፣ ከተዘባረቀባቸው ወይም ቀና ሲሉ ከጨለመባቸው፣ ተቅማጡ ደም ካለው፣ ወይም ያ የሩዝ ውሃ የሚመስለው ከመጣ፣ ቤት ውስጥ አይጠበቅም። አምቡላንስ፣ 907።

ስለ ሠራተኛዋ

አሁን ማንም የማይወደው ክፍል። አስታማሚዋ ተቅማጥ ይዟት ወደ ሥራ የምትመጣው ለምንድነው? ከቀረች የቀን ሒሳቧ ስለሚቆረጥ ነው። ደግሞ ትደብቃለች፤ እኔም በሷ ቦታ ብሆን እደብቅ ነበር። ትውከትና ተቅማጥ ያለበት ሠራተኛ ምልክቱ ሙሉ በሙሉ ከጠፋ በኋላ ሌላ 48 ሰዓት መቅረት አለበት፤ የወጥ ቤቷም እንዲሁ፣ እንዲያውም ከሁሉ በላይ እሷ። ይህ የሚሆነው ደመወዙ ሳይነካ ብቻ ነው። ለባለቤቶቹ እንዲህ አስረዷቸው፦ የሁለት ሰው የአራት ቀን ክፍያ በአንድ በኩል፣ የ11 ሰው ዳይፐር፣ ጓንት፣ በረኪና፣ ቦቴና አምቡላንስ በሌላ በኩል። እኛ ሒሳቡን በወረቀት አሳይተን ነው ያሸነፍነው፣ በለቅሶ አይደለም።

ጠዋት ሲገቡ በር ላይ «ሆድሽን? ሳል? ትኩሳት?» ብላችሁ ጠይቁ፣ እንደ ሰላምታ። ሁለት ቤት የሚሠሩትን እወቁ፤ ወረርሽኙ እስኪያልፍ አንዱን እንዲመርጡ ለምኑ። የሥራ ልብስ እዚያው ይታጠብ፣ ተለብሶ ታክሲ አይገባበት።

እንግዳ፣ ዝክርና ጉርሻ

የኛ ቤት ጠያቂ አያጣም፤ ተመስገን ነው። የሚካኤል ዕለት ዝክር፣ የልጅ ልደት፣ የሠርግ ትራፊ፣ የማኅበር ጠላ፤ 40 ሰው ይመጣና እያንዳንዱ 34ቱንም ጉልበት ስሞ፣ አጉርሶ ይሄዳል። በሽታ በገባ ጊዜ ይሄ ይቁም። የውጭ ምግብ አይገባም። እንግዳ በር ላይ ይመለሳል፤ ግን በክብር ይመለስ፣ ወንበርና ሰው ይኑር፣ ዘበኛው «ዝግ ነው» ብሎ ብቻ አይላክ። ያመጡትን ሳሙናና ስኳር ተቀበሉ፣ «ከሳምንት በኋላ ኑልን» ብላችሁ ስልካቸውን መዝግቡ። ቤተሰብ ደግሞ በየቀኑ በቪዲዮ ያግኛቸው። ከሞት አፋፍ ላይ ላሉት ቤተሰብ አይከለከልም፤ አንድ ሰው፣ ማስክ አድርጎ፣ እጁን ታጥቦ ይግባ። ካህን ወይም ሼኽ የሚጠሩም አሉ፣ እንደዚያው።

ውስጥ ያሉትስ? በአንድ ትሪ መብላት ይቁም፣ ሳህን ለየራስ። እማማን «ጉርሻ ይቅር» ማለት ከባድ ነው፤ ጎረቤታቸውን ካላጎረሱ የበሉ አይመስላቸውም። እኛ «ሐኪም ነው ያለው» ብለን ውሸት ቀላቅለናል። እግዜር ይቅር ይበለን።

ሳል ሲሆን መስኮት ክፈቱ

«ንፋስ ይመታቸዋል» ልትሉኝ ነው፣ አውቃለሁ። ታክሲ ውስጥ መስኮት የከፈተ ሰው ምን እንደሚደርስበትም አውቃለሁ። ግን 8 ሰው የሚተኛበት ክፍል፣ በር ዝግ፣ መስኮት ዝግ፣ አንዱ ሲያስል፣ ሁሉም ያንኑ አየር ነው የሚስበው። የማዶ ለማዶ መስኮቶች በቀን ሦስት አራት ጊዜ ለ15 ደቂቃ ይከፈቱ፤ ሽማግሌዎቹን ጋቢ ደርቡላቸው፣ ኮፍያ አድርጉላቸው፣ አልጋቸውን ከንፋሱ መስመር ሳቡት። ፀሐይ ስትወጣ ሁሉም ግቢ ይውጣ። ማስክ የሚያስፈልገው በዋናነት ለሠራተኛው ነው፤ አእምሯቸው የደከመ ሰዎች ላይ በግድ አታድርጉባቸው፣ ያፍናቸዋል።

ሳሉ ሁለት ሳምንት ካለፈው ጉንፋን አትበሉት። የሌሊት ላብ፣ ክብደት መቀነስ ካለ በተለይ። አክታው ለቲቢ ይመርመር፤ ሕክምናው በመንግሥት ጤና ተቋማት በነጻ ነው። እስከዚያ ያ ሰው ለብቻው፣ መስኮት ያለበት ቦታ።

እከክና ቅማል

ይሄን ሰው በኀፍረት ይደብቀዋል፣ ለዚያ ነው ወር የሚቆየው። እከክ ለመጀመሪያ ጊዜ የያዘው ሰው ማሳከክ የሚጀምረው ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ቆይቶ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ሲያክ ስታዩ ሌሎቹ ላይ ቀድሞ ገብቷል። አንድ ሰው ብቻ ማከም ዋጋ የለውም። በአንድ ቀን፣ ሁሉም ነዋሪ፣ ሁሉም ሠራተኛ፣ የሠራተኛዋ ቤተሰብ ጭምር። ቅባቱን ጤና ጣቢያ ያዝዛል፤ ሲቀባ ከአንገት እስከ እግር ጣት፣ ጥፍር ሥር፣ እምብርት፣ በአረጋውያን ደግሞ ጭንቅላትና ጆሮ ኋላም፤ በታዘዘው ቀን ይደገማል። ልብስና አንሶላ በፈላ ውሃ፤ የማይታጠበው በላስቲክ ታስሮ ቢያንስ ሦስት ቀን ይቆይ። ከሕክምና በኋላም ማሳከኩ ሁለት ሦስት ሳምንት ይቀጥላል፣ «መድኃኒቱ አልሠራም» ብላችሁ እየደጋገማችሁ አትቀቡ። ቆዳው እንደ ቅርፊት የወፈረ፣ ግን ብዙም የማያሳክከው ሰው ካለ እሱ ዋናው ምንጭ ሊሆን ይችላል፤ ከሁሉ በፊት እሱን አሳዩ።

ቅማል በክረምት ነው የሚብሰው። ብርድ ነው፣ ውሃ ያስጠላል፣ ሰው ልብስ ላይ ልብስ ይደርባል። የልብስ ቅማል ተስቦና ግርሻ ያመጣል፤ ትኩሳቱ ለቅቆ ከቀናት በኋላ ተመልሶ ከመጣ ግርሻን አስቡና ጤና ጣቢያ ውሰዱ፣ ቤት ውስጥ መድኃኒት አይጀመርም፤ የመጀመሪያው መርፌ ራሱ ሰውነትን ሊያናውጥ ስለሚችል አጠገብ ባለሙያ ያስፈልጋል። ለቅማሉ ግን ዋናው መድኃኒት መቀቀል ነው። የሚኖረው በልብስ ስፌት ውስጥ ነውና። በልግስና የሚመጣ ልብስና ብርድ ልብስ ሳይቀቀል አልጋ ላይ አይወጣም፤ የቱንም ያህል ንጹሕ ቢመስል።

ለማን እንደውል

ብዙ ቤት የሚደብቀው «ይዘጉናል» ብሎ ነው። ደብተራችሁን ይዛችሁ ቀድማችሁ ከሄዳችሁ የሚገጥማችሁ ሌላ ነው፤ ማን መቼ እንደታመመ በወረቀት የሚያሳይ ቤት በቁም ነገር ይታያል። መጀመሪያ የአካባቢያችሁ ጤና ጣቢያ፣ ቀጥሎ የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት። 8335 የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነጻ መስመር ነው። ኮሌራ ከተጠረጠረ በዚያው ሰዓት ነው የሚነገረው።

ሰው ቢሞት፣ በተለይ በኮሌራ፣ አስከሬኑን እኛ አናጥብም፣ ባለሙያ እስኪመጣ አይነካም። ለዕድሩም ይነገር። ገነዛው በባለሙያዎቹ ምሪት ይሁን፣ ያጠበ እጅም የንፍሮ ሳህን አይንካ።

መቼ ያበቃል? ለትውከትና ተቅማጡ የመጨረሻው ሰው ከዳነ በኋላ አዲስ ሰው ሳይያዝ አራት ቀን ይቆጠራል፤ እኔ ሰባት እቆጥራለሁ፣ ፈሪ ነኝ። ለጉንፋን የመጨረሻው ከታመመ ቢያንስ አንድ ሳምንት። ከዚያ ፍራሽ ወደ ፀሐይ፣ መጋረጃ ወደ ሳፋ፣ ወለል በበረኪና፣ በሩ ለዝክሩ ይከፈት።

በመጨረሻ ሳጥን አዘጋጁ። ሁለት ፓኬት ጓንት፣ ማስክ፣ አንድ ጀሪካን በረኪና ቀኑ የተጻፈበት፣ 20 ኦአርኤስ፣ ሳሙና፣ አምስት ማዳበሪያ፣ ቴርሞሜትር፣ ቀይ ጨርቅ፣ ደብተርና እስክሪብቶ፣ የስልክ ቁጥሮቹ በክዳኑ ላይ። በየሦስት ወሩ ክፈቱና የበረኪናውን ቀን እዩ። አይቆለፍ። እኛ ቤት የመጀመሪያው ሳጥን ጥሩ ቁልፍ ነበረው፤ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ስንፈልገው ቁልፉ ከሥራ አስኪያጁ ጋር ሰንዳፋ ተኝቷል።